ፓምፑ ከገንዳው አጠገብ ይቀበር ወይስ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ይቀመጥ?

ይህን ጥያቄ ለውይይት ያቀረብኩት እኔ ነኝ። 17 ምላሾች መጡ፤ አንዳንዶቹ በጣም ረጅም ናቸው። ግንባታውን የሚከታተለው ታናሽ ወንድሜም ሆነ ሌላ ገንዳ ሊያስቆፍር ያሰበ ሰው ሳይቸገር እንዲያነባቸው፣ የተባለውን በቅደም ተከተሉ በራሴ ቃል አስፍሬዋለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ቢሾፍቱ ውስጥ በምናሠራው የቤተሰብ ቤት ግቢ 10 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው የመዋኛ ገንዳ ሊቆፈር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ገንዳው 75 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ተቋራጩ ያቀረበልን ሥዕል የገንዳውን ቅርጽ፣ የሴራሚኩን ቀለምና የመብራቶቹን ቦታ በጥንቃቄ ያሳያል፤ ፓምፑ፣ ማጣሪያውና ቧንቧዎቹ ግን በሥዕሉ ጥግ ላይ በአንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ታልፈዋል። ስጠይቀው ሁለት አማራጭ ሰጠኝ። አንደኛው ከገንዳው ጠርዝ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ መሣሪያዎቹን ከውኃው ገጽ በታች ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ድምፁ እንዳይረብሽ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ፣ ከገንዳው 22 ሜትር ርቆ፣ ከመሬት በላይ መትከል ነው። የቧንቧ ሠራተኛው በበኩሉ ሁሉንም መስመር በ50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ሊሠራ ዕቃ ለመግዛት ተዘጋጅቷል። የእኔ ጭንቀት ፓምፕ ቢበላሽ በአንድ ቀን ተፈትቶ ይቀየራል፤ ከኮንክሪትና ከሴራሚክ ሥር የተቀበረ ቧንቧ ግን ጠቦ ቢገኝ ወለሉን ከማፍረስ በቀር መፍትሔ የለውም የሚል ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹ የት ይቀመጡ፣ የቧንቧውስ ስፋት ስንት ይሁን ብዬ ጠየቅኩ።

ምላሽ 1

ላስ ቬጋስ የሚኖሩ ወንድም እንኳን ለዚህ አበቃችሁ ብለው ከመረቁን በኋላ፣ በእሳቸው ግቢ መሣሪያዎቹ ከአጥሩ ሥር በተሠራ የኮንክሪት መደብ ላይ፣ ከመሬት በላይ እንደ ተደረደሩ ገለጹ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባም አጥብቀው አሳሰቡ። ውኃው ከገንዳው ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ማጣሪያው፣ ማሞቂያ ካለ ወደ ማሞቂያው፣ በመጨረሻም ወደ ክሎሪን መጨመሪያው ይሄዳል። በእንክብል መልክ የሚሟሟው ክሎሪን አሲድነት ስላለው መጨመሪያው ከማሞቂያው በፊት ከተገጠመ የማሞቂያውን የመዳብ ቱቦ ይበላዋል፤ ፓምፑ ሲቆምም ወደ ኋላ እንዳይመለስ በመካከላቸው ቼክ ቫልቭ መግባት አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 በሥራ ላይ የዋለው የኃይል ቁጠባ ደንብ ከመጣ ወዲህ ፍጥነታቸው የሚለዋወጥ ፓምፖች እንደ ተለመዱ ነግረውናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚሄደው ውኃም በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚፈጀው ኃይል ግን ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። መጋዘናቸው ውስጥ የተቀመጠ አንድ የድሮ ፓምፕ በስጦታ ሊልኩልንም ፈቃደኛ ነበሩ።

ምላሽ 2

ከአዲስ አበባ የጻፈ አንድ ወጣት 22 ሜትር ርቀት ፓምፑን እንደሚገድለው፣ የግድ ሩቅ ይሁን ከተባለ ግን በ1 ፈረስ ጉልበት ፋንታ የ2 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ገዝቶ መገላገል እንደሚሻል መከረ። ምክሩ በሁለት መስመር ያለቀ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር አብዛኛው ግን ከእሱ ተነሣ።

ምላሽ 3

መልስ የሰጡት ለረጅም ዓመታት በውኃ ሥራ ያገለገሉ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። ወጣቱን ልጄ ብለው ጠርተው ሁለቱንም ሐሳቦቹን በስሌት አረሙ። 75 ሜትር ኩብ ውኃ በ6 ሰዓት አንድ ጊዜ በማጣሪያው እንዲያልፍ ከተፈለገ ፓምፑ በሰዓት 12.5 ሜትር ኩብ መግፋት አለበት። ይህ መጠን ውጫዊ ስፋቱ 63፣ ውስጡ 57 ሚሊ ሜትር በሆነ፣ እስከ 10 ባር ግፊት በሚችል ፒቪሲ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.36 ሜትር ይሆናል። የ50 ሚሊ ሜትሩ ውስጣዊ ስፋት ግን 45 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ፍጥነቱ ወደ 2.2 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱ ውኃውን ከገንዳው ወደ ፓምፑ በሚወስደው የመምጠጫ መስመር ከ1.8፣ ወደ ገንዳው በሚመልሰው መመለሻ ከ2.4 ሜትር እንዳያልፍ የሚደረግ በመሆኑ፣ 50 ሚሊ ሜትሩ ገና ከመነሻው ለዋናው መምጠጫ አይበቃም።

ርቀቱንም ለብቻው አሰሉት። በ22 ሜትር ርዝመት ውስጥ በግጭት የሚጠፋው ግፊት በ63 ሚሊ ሜትሩ ውኃን 0.7 ሜትር ወደ ላይ እንደ ማንሣት ያህል ሲሆን፣ በ50 ሚሊ ሜትሩ ከ2 ሜትር ያልፋል። በዚህ ላይ አንድ ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቧንቧ መታጠፊያ) በ63 ሚሊ ሜትር መስመር እንደ 1.7 ሜትር ቀጥ ያለ ቧንቧ ስለሚቆጠር፣ ሠራተኛው ማዕዘን በዞረ ቁጥር ስምንት ጎሚቶ ቢያስገባ 14 ሜትር ያህል ርቀት እንደ ጨመረብን ይቆጠራል። ስለዚህ ፓምፑን የሚያደክመው ርቀቱ ብቻ ሳይሆን ጥበቱና ጥምዝምዙ መሆኑን አስረዱ። ስለ ትልቁ ፓምፕ የሰጡት ምሳሌ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ በጠባብ ጉሮሮ ትልቅ ጉርሻ እንደ ማጉረስ ቆጠሩት። በአንድ ቧንቧ የሚያልፈው ውኃ እጥፍ ሲሆን ግጭቱ ወደ አራት እጥፍ ስለሚጠጋ፣ የተጨመረው ጉልበት ለድምፅና ለመብራት ሂሳብ ይሄዳል። በመጨረሻም ከፓምፑ አፍ በፊት ቢያንስ የስፋቱን አምስት እጥፍ፣ ማለትም 32 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጎሚቶ የሌለበት ቀጥ ያለ ቧንቧ እንዲኖር አዘዙ።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ ድምፀቱ ተለወጠ። ለ15 ዓመታት በቧንቧ ሥራ ላይ እንደ ቆየ የገለጸ ባለሙያ፣ በ50 ሚሊ ሜትር የሠራቸው ገንዳዎች ሁሉ እስከ ዛሬ እየሠሩ መሆናቸውን፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው የማያውቁ ሰዎች ባለቤቶችን በቁጥር እያስፈራሩ ወጪ እንደሚያበዙ በምሬት ጻፈ። የ63 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ መገጣጠሚያ በገበያ እንደ ልብ እንደማይገኝ፣ የግድ 63 ይሁን ከተባለም በሙቀት የሚበየደው ፒፒአር እንደሚሻል አከለ። ቁጣው ቢከብደኝም የገበያው ችግር እውነት ስለሆነ ቃሉን አልናቅኩትም።

ምላሽ 5

መሐንዲሱ ለቁጣው በቁጣ አልመለሱም፤ አንድ ነገር ብቻ አረሙ። የፒፒአር ግድግዳ ወፍራም ነው። ለ20 ባር የሚሠራው ባለ 63 ሚሊ ሜትር ፒፒአር 10.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው የውስጥ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከ50 ሚሊ ሜትሩ ፒቪሲ የጠበበ ነው። በቧንቧው ላይ የተጻፈው ቁጥር የውጩን እንጂ ውኃው የሚያልፍበትን ስፋት እንደማይነግረን እኔ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ወንድሜ በማግስቱ ሱቅ ሄዶ ሁለቱን ጎን ለጎን በሜትር ለክቶ አረጋገጠልኝ።

ምላሽ 6

ሐዋሳ ገንዳ ያላቸው አንድ አባት የራሳቸውን ታሪክ አመጡ። ፓምፓቸው ከውኃው ገጽ በላይ በሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ሥር ተቀምጧል፤ መምጠጫው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ሲነሣ ጠጠር የሚፈጭ ያህል ይጮኻል፣ በመመለሻዎቹ አረፋ ይወጣል፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ክዳኑን ከፍተው በባልዲ ውኃ ካልሞሉለት አይስብም። የዘንጉን ማሸጊያ ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል። ጥፋቱ የፓምፑ ነው ብለው ሌላ ሊገዙ ነበር።

ምላሽ 7

መሐንዲሱ ሦስተኛ ጊዜ ተመለሱ፤ በእኔ ግምት በውይይቱ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ሐሳብ ይህ ነው። ፓምፕ ውኃን በራሱ አይጎትትም፤ ውኃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየሩ ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 10.3 ሜትር ውኃ ይሸከማል፤ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ቢሾፍቱ 8.2፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 7.8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዱባይ ወይም በባሕር ዳርቻ ከተማ በዝምታ የሚሠራ ፓምፕና ቧንቧ፣ ምንም ሳይቀየር እኛ ዘንድ ሲተከል በመምጠጫው በኩል ውኃው ወደ እንፋሎት አረፋነት ተቀይሮ በፓምፑ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሐዋሳው ጠጠር ድምፅም የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። በመመለሻዎቹ የሚታየው አረፋ ግን አየር ከሆነ ቦታ እየገባ መሆኑን ስለሚያሳይ፣ የክዳኑ ጎማና መገጣጠሚያዎቹ መጀመሪያ እንዲፈተሹ መከሩ። ሞተሮች በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ስለሚሠሩና ስስ አየር በሚገባ ስለማያቀዘቅዛቸው፣ ከመጠናቸው ጫፍ ላይ እንዳይሠሩ ትርፍ ይተውላቸው አሉ። መደምደሚያቸው ፓምፑ ከተቻለ ከውኃው ገጽ በታች ይሁን የሚል ነበር።

ምላሽ 8

ዱባይ የፓምፕ ክፍሎችን የሚጠግን ወንድም በዚህ ተበረታቶ ጉድጓዱን ደገፈ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን ሰጠ። ፓምፑ ከውኃው በታች ከሆነ በፊቱም በኋላውም ቫልቭ ያስፈልጋል፤ አንድ ጀማሪ ሠራተኛ ቫልቩን ሳይዘጋ የማጣሪያ ቅርጫቱን ክዳን ፈትቶ ገንዳው ወደ ክፍሉ ሲገለበጥ ማየቱን ተርኳል። ክሎሪንና አሲድ ደግሞ በአንድ ክፍል ከቶ አይቀመጡም፤ ቢቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

ምላሽ 9 እና 10

ቢሾፍቱ የሚኖሩ አንዲት እናት ግን ጉድጓድ የሚለውን ቃል ሲያነቡ አልታገሡም። የእሳቸው ጉድጓድ በነሐሴ በአንድ ሌሊት ዝናብ ሞልቶ ሞተሩ ከነመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ሰጥሟል። ዝናብ በማያውቅ በረሃ የተለመደ አሠራር ክረምት ላለው አገር እንደማይመከር በጠንካራ ቃል ተናገሩ። የዱባዩ ወንድም ቅር ቢለውም ጥያቄያቸውን አልሸሸም፤ የጉድጓዱ አፍ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለና ከታች ውኃ የሚያወጣ ትንሽ ፓምፕ ካለ አይሰጥምም አለ። እሳቸውም ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው መብራት ስለሆነ ያ ትንሽ ፓምፕ በማን ኃይል ይሠራል ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

ምላሽ 11

ቨርጂኒያ በነርስነት የምታገለግል እኅት፣ ሁሉም ስለ ፓምፕ ሲከራከር ስለ ልጆቹ ያሰበ አለመኖሩ እንዳሳዘናት ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ2002 የ7 ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር፣ የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ በአንድ የሙቅ ውኃ ገንዳ የታች መምጠጫ ተይዛ ሕይወቷ አልፏል። እናቷ ልታላቅቃት አልቻለችም፤ ሁለት ሰዎች ሲጎትቷት የመምጠጫው ክዳን ተሰበረ። በስሟ የተጠራው የመዋኛ ገንዳ ደኅንነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 ተፈርሞ በ2008 መጨረሻ በሥራ ላይ ውሏል።

መሐንዲሱ ወዲያው ቁጥሩን አያያዙላት። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ብቸኛ መምጠጫ በሰውነት ተደፍኖ የግማሽ ባር መሳብ ቢፈጠርበት፣ ልጁን የሚይዘው ኃይል 160 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ሸክም ጋር እኩል ነው። የ2 ፈረስ ጉልበቱ ምክር ለምን እንዳስደነገጣቸው ያን ጊዜ ገባኝ። መፍትሔው በሥዕሉ ላይ የሚወሰን ነው። የታች መምጠጫዎች ሁለት ይሁኑ፤ በመካከላቸው ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይኑር፤ ሁለቱ እኩል ርዝመት ባለው ቧንቧ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ይገናኙ፤ አንዱን ለይቶ የሚዘጋ ቫልቭ ከቶ አይግባ፤ ክዳናቸውም ጎበጥ ያለና በብሎን የታሰረ ይሁን። የእኛ ሥዕል አንድ ብቻ ነበረው። በዚያው ሌሊት ለተቋራጩ ደውዬ አስለወጥኩት።

ምላሽ 12

አንድ ሰው በቀጥታ ወቀሰኝ። ጎረቤት በፈረቃ የምትመጣ ውኃ በጀሪካን እየጠበቀ 75 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 3,750 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለመዋኛ ማጠራቀም ኅሊና እንዴት ይፈቅዳል የሚል ነበር። ብዙዎች ከርዕስ ወጥቷል ብለው ተቆጡት፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየሁትም፤ የውኃው መጠን የዕቅዱ መነሻ ነውና። ከወንድሜ ጋር ተማክረን አማካይ ጥልቀቱን ወደ 1.3 ሜትር ዝቅ አደረግነው። ውኃው 65 ሜትር ኩብ፣ የፓምፑም ድርሻ በሰዓት 10.8 ሜትር ኩብ ሆነ። ትነቱን ለመቀነስ በማይዋኝበት ሰዓት የሚጎተት ሽፋንም ጨመርን። ወቃሹ ይህን አንብቦ በቂ እንዳልሆነ ጻፈ፤ መብቱ ነው።

ምላሽ 13

ውይይቱ ከዚያ ወደ ማጣሪያው ተሻገረ። የአሸዋ ማጣሪያ የሚታጠበው ውኃውን በግልባጭ በማስገባት ስለሆነ መጀመሪያ በታሰበው፣ በሰዓት 12.5 ሜትር ኩብ በሚገፋ ፓምፕ የ3 ደቂቃ ማጠብ 625 ሊትር ያስወጣል። በእርሻ ሙያ የሠለጠነ አንድ ሰው ይህ ውኃ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ሳይሆን ወደ ተለየ ሮቶ እንዲገባ፣ አፉ ክፍት ሆኖ ክሎሪኑ እስኪወጣለት ጥቂት ቀን ፀሐይ እንዲመታው፣ ከዚያ ለዛፎች እንዲውል መከረ። ክሎሪኑ ከጨው የሚመረት ከሆነ ግን ጨው አፈሩን ስለሚያበላሽ ይህ አይሆንም። የላስ ቬጋሱ ወንድም ተነቅሎ በውኃ ጎማ የሚታጠበውን የካርትሪጅ ማጣሪያ አቀረቡ፤ ውኃ ይቆጥባል፣ መለዋወጫው ግን ከውጭ ይመጣል።

ምላሽ 14

የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ ሰው የስጦታውን ፓምፕ ጉዳይ በአክብሮት ዘጋው። የእኛ መብራት በ50 ኸርዝ ይሠራል፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር እዚህ ሲሰካ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይሞቃል። የአሜሪካው ባለ 2 ኢንች ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 60.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከእኛ 63 ጋር በማጣበቂያ አይገጥምም። ማብሪያ፣ ሶኬትና ሣጥን ከገንዳው ጠርዝ ከ3.5 ሜትር በላይ ይራቁ፤ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ይግባ፤ በገንዳው ዙሪያ ያለ ብረት ሁሉ በመዳብ ሽቦ እርስ በርሱ ይታሰር። የመጨረሻውን ከልመና ጋር ነበር የጻፈው።

ምላሽ 15

ከእስራኤሏ ቤር ሼቫ ከተማ የመጣ አጭር ማሳሰቢያ ነው። ዛሬ የፀሐይ ማሞቂያ ባይገዛም ከማጣሪያው በኋላና ከክሎሪን መጨመሪያው በፊት ሁለት ቲ በመክደኛ ተዘግተው ቢተዉ ነገ ኮንክሪት አይሰበርም። ለ50 ሜትር ካሬ የውኃ ገጽ ከ25 እስከ 50 ሜትር ካሬ የጣሪያ ቦታ ይታሰብ።

ምላሽ 16

ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ምንም ያልጻፈ ሰው መሬቱ ተዳፋት አለው ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ማንሣት እንዳለብኝ አላሰብኩም። ግቢያችን ወደ ሐይቁ በኩል ይወርዳል፤ ከገንዳው ጠርዝ 7 ሜትር ርቀት ላይ መሬቱ 1.2 ሜትር ዝቅ ይላል። እንግዲያው ጉድጓድም 22 ሜትርም አያስፈልግም ተባለ። የመሣሪያው ክፍል ዝቅ ባለው ጫፍ ከመሬት እኩል ይሠራል፤ በሩ ወደ ታች ይከፈታል፤ ወለሉ ትንሽ ዘንበል ብሎ ዝናቡም የፈሰሰውም ውኃ በራሱ ይወጣል፤ ፓምፑ ግን ከገንዳው ውኃ ገጽ በታች ይሆናል። መሐንዲሱም በነሐሴ ጉድጓዳቸው የሰጠመባቸው እናትም በአንድ ድምፅ ተስማሙ፤ የዱባዩ ወንድም የቫልቮቹን ነገር አደራ አለ።

ምላሽ 17

የመጨረሻው መልእክት የዚያ የተቆጣው የቧንቧ ባለሙያ ነው። ለዋናው መምጠጫና ለዋናው መመለሻ 63 ይሁን አለ፤ ከዋናው ወደ ሦስቱ መመለሻ አፎች የሚከፋፈሉት ቅርንጫፎች ግን 50 እንደሚበቃቸው አልለቀቀም። ትክክል ነበር፤ 10.8 ለሦስት ሲከፈል በየቅርንጫፉ የሚያልፈው ውኃ ፍጥነት በሰከንድ 0.6 ሜትር ብቻ መሆኑን መሐንዲሱ አረጋገጡለት። ከዚያ በእጅ የሚታወቀውን ሁሉ ዘረዘረልን። ለፍሳሽ የሚሸጠው ስስ ፒቪሲ ከግፊት ቧንቧ ጋር እንዳይቀላቀል። ከእያንዳንዱ ስኪመር (ከውኃው ገጽ ላይ ቆሻሻ የሚስብ አፍ) የሚመጣው መስመር ለየብቻው እስከ መሣሪያው ክፍል ይድረስና በራሱ ቫልቭ ይዘጋ፤ ቫልቩም ላይ ስሙ ይጻፍበት። በፓምፑ ሁለት ጎን ዩኒየን (ቧንቧ ሳይቆረጥ የሚፈታ መገጣጠሚያ) ይግባ፤ በዙሪያው ሰው ተንበርክኮ የሚፈታበት ቦታ ይተው። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት መስመሩ በ2 ባር ለ24 ሰዓት ይፈተሽ፤ ኮንክሪቱ ሲፈስም ግፊቱ አይለቀቅ፤ አንድ ብረት ቧንቧውን ቢወጋው የግፊት መለኪያው ወዲያው ይናገራልና። ከመሸፈኑ በፊት ከግድግዳው ሜትር ተዘርግቶ በየመገጣጠሚያው ፎቶ ይነሣ።

ቁፋሮው ማክሰኞ ይጀመራል፤ 63 ሚሊ ሜትሩም ግቢው ውስጥ ተራግፏል። ያልተቋጨው የማጣሪያው ነገር ነው። ቦታውን የምናዘጋጀው ለሁለቱም በሚሆን ስፋት ቢሆንም፣ የካርትሪጅ መለዋወጫ አዲስ አበባ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚያገኝ ሰው ካለ 18ኛውን ምላሽ እየጠበቅኩ ነው።